አሮጌው ሳያልቅ አዲሱ አይነካም

የሚስቴ ታላቅ ወንድም ጅማ ላይ ሦስት ክፍል ቤት ነበራቸው። አምፖላቸው ግን አንድ ነበር። ራት ሳሎን ሲበላ ሳሎን ይበራል። ራቱ ሲያልቅ ወንበር ላይ ይወጡና፣ እንዳያቃጥላቸው በመሐረብ ይዘው፣ አምፖሉን ፈትተው ወደ መኝታ ቤት ይወስዱታል። እስኪወስዱት ድረስ ቤተሰቡ በጨለማ ባለበት ይቆማል። እርስ በርስ እንዳንጋጭ "አትንቀሳቀሱ" ይላሉ። እኔ የትንሽ ከተማ ሰው ነኝ፣ ያን ጊዜ መብራት ብርቄ ነው፤ መጀመሪያ ሳየው የመብራት ወጉ እንዲህ መስሎኝ ነበር።

አንቱ እያልኩ ነው የምጽፈው። ታላቄ ናቸው፣ የባለቤቴ ወንድም ናቸው፣ አሁን ደግሞ ሞተዋል። አንቱታውን አልነፍጋቸውም። ንቀትና አንቱታ በአንድ አፍ ውስጥ ተስማምተው እንደሚኖሩ ያወቅሁት በእሳቸው ነው።

ንቀቴ ከቁጠባቸው የመጣ አይደለም፤ ይህ ይታወቅልኝ። ያደግሁትም የኖርኩትም በቆጣቢዎች መሐል ነው። በደርግ ጊዜ ሳይቆጥብ የኖረ ማን አለ? ስኳር በካርድ፣ ሳሙና በካርድ፣ ላምባ በሰልፍ። የቀበሌው ሱቅ ይከፈታል በተባለ ቀን ሴቶቹ በየስማቸው ድንጋይና ጣሳ ደርድረው እነሱ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ የሚሰለፈው ጣሳው ነው። ሬዲዮኑ ደግሞ በላይ በላዩ ቆጥቡ ይለናል። የሚናገረው ሰውዬ ድምፁ ወፍራም ነው፣ የጠገበ ሰው ድምፅ። ባለቤቴ ባቄላ እየፈለፈለች፣

"ይሄ ሰውዬ ቆጥቡ የሚለን ከምናችን ላይ ነው?" ትላለች።

ተነሥቼ እዘጋዋለሁ።

"ምነው ዘጋኸው?"

"ቆጥቡ ተባልን አይደል? ባትሪውን ልቆጥብ ነዋ።"

እኛ የምንኖረው ከሊሙ ገነት ወጣ ብላ ባለች የቡና ከተማ ነው። እኔ ቡና መፈልፈያው ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ፣ ኋላ ወገቤ ሲደክም ዘበኛ አደረጉኝ። ፊደል የቆጠርኩትም ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። መፈልፈያው ገለባውን ወንዝ ዳር ይደፋዋል። እሱን በጆንያ ወደ ቤት አመጣለሁ። ባለቤቴ አሮጌ የዘይት ጣሳ መሐል ጠርሙስ ታቆምና ገለባውን ዙሪያውን ትጠቀጥቀዋለች። ጠርሙሱን ቀስ ብላ ስትነቅለው መሐሉ ቀዳዳ ይሆናል፤ ከታች ሲለኩሱት ባቄላ አብስሎ፣ የእግር ውሃ አሙቆ ይቆያል። አመዱ ድስት ይፈትጋል፣ የተረፈው ሙዙ ሥር ይደፋል። ሳሙና ከጠፋ እንዶድ አለ። የስንዴ ከረጢት የልጅ ቁምጣ ይሆናል፤ ቁምጣው ሲያልቅ መወልወያ፣ መወልወያው ሲያልቅ የኩራዝ ክር። ክብሪት የምንገዛው ለስሙ ነው፤ ገል ይዞ "እሳት ልጫር" ብሎ ጎረቤት መግባት አለ፣ በማግሥቱ ጎረቤት እኛ ጋ ይገባል። ስኳር ከነአካቴው ሲጠፋ የቡና ቅጠል በጨውና በሚጥሚጣ አፍልተን እንጠጣለን። ደግሞ ይጥማል። የማይጥመው ላልለመደው ነው።

እሷ የማታስቀምጠው አንድ ነገር ምግብ ነው። "የምግብ ጎተራው ሆድ ነው" ትላለች። የተረፈ ነገር ካለ ከመበላሸቱ በፊት ለጎረቤት ልጆች ይሰጣል፤ የጎረቤት ልጆች ከጠገቡ ለውሻ። በኛ ቤት ሻግቶ የተጣለ ነገር አላየሁም። ቁጠባ ማለት ይሄ ነው ብዬ ነው የማምነው፤ የሚያስፈልግህን ሳታጣ ምንም አለመጣል። እሷ ይህን ከማን እንደ ተማረችው አላውቅም። ከወንድሟ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

ነገሩ የመጣው ታላቋ ልጃችን ስምንተኛን ስታልፍ ነው። በእኛ ከተማ ትምህርቱ እዚያ ላይ ያቆማል። እኔ ወዴት እንልካታለን ብዬ ስጨነቅ ባለቤቴ ተቆጣች።

"ወንድም ጋሼ ጅማ እያለልኝ ልጄ ማን ቤት ትገባለች?"

እውነትም አላት። ከደጋ አገር እናት አባታቸው ሲሞቱባቸው እጇን ይዘው ጅማ ያመጧት እሳቸው ናቸው። ያኔ የመንግሥት ሥራ ይዘው ነበር። አሳድገው ዳሯት። ለእሷ ወንድምም አባትም ናቸው። ስለዚህ ልጅቷ መስከረም ላይ ሄደች። የጅማው ቀበሌ ስሟን በእሳቸው የቤተሰብ ካርድ ላይ ጻፈ፤ ትምህርት ቤቱም ለመመዝገብ የሚጠይቀው የቀበሌ ነዋሪ መሆኗን ነበርና በዚያው ገባች። ለእኛ ልጅ ከዚያ በላይ ዕድል አልነበረም። ከቤታችን ከስምንተኛ ያለፈ የለም፤ እኔማ ከፊደል ገበታው ብዙም አልራቅሁም።

በየቅዳሜው ስንቅ እንልካለን። ወደ ጅማ የሚወርድ የጭነት መኪና አይጠፋም፣ ረዳቶቹ ያውቁኛል። ባለቤቴ ዓርብ ማታ ዳቦ በኮባ ትጋግራለች፣ አይብ ታወጣለች፣ ከጓሯችን ደግሞ አንድ ዘለላ ሙዝ። ሙዙን ስመርጥ ለመንገዱ እንዲበቃ ገና ቢጫ ለመሆን የዳዳውን ነው የምቆርጠው፤ ሲደርስ ሊበላ የተዘጋጀ ይሆናል። ልጄ ቅዳሜ ከሰዓት ምን እያደረገች እንደሆነ ባሰብኩ ቁጥር ቢጫ ሙዝ ስትልጥ ትታየኛለች። እንዲህ ሆኖ ወራቱ አለፈ።

የቡናው ሥራ ጋብ ሲል፣ ከገና በኋላ፣ ስንቁን ራሴ ይዤ ወረድኩ። ኬላ ላይ አቆሙን። የቡና አገር ሰው በኬላ በኩል ቡና ይዞ አያልፍም፤ የገዛ ጓሮው ቢሆንም። ፈታሹ ዘንግ ይዞ መጣ።

"ኦቦ፣ ምንድን ነው የያዝከው?"

"ሙዝ።"

"ከሥሩስ?"

"ዳቦ።"

"ከሱስ ሥር?"

"የመኪናው ወለል።"

ረዳቱ ሳቀ፣ "ማሎ ልቀቀን፣ ሰውዬው ልጁን ሊያይ ነው" አለው። ፈታሹ ዳቦውን ሁለት ቦታ ወግቶ ለቀቀን።

ስደርስ የባለቤቴ ወንድም እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙኝ። ደግ ፊት ነበራቸው፣ አልዋሽም። ልጄ ገና ከትምህርት ቤቱ የቅዳሜ የልማት ሥራ አልተመለሰችም። ሳሎኑ ንጹሕ ነው፤ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሳሙና እንደ ሸክላ ተደርድሮ ይደርቃል። የደረቀ ሳሙና ቶሎ አያልቅም፤ ይህ እውነት ነው፣ እኛም እናደርቃለን። እኛ ግን ከደረቀ በኋላ እንታጠብበታለን።

ያመጣሁትን ተቀበሉኝና በሁለት ጣታቸው ዳቦውን ጫን ጫን አደረጉት። "ለስላሳ ነው" አሉ፣ ጥፋት ያገኙ ይመስል። ከአልጋው ሥር ትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን ስበው አወጡ፣ ከአንገታቸው ቁልፍ አወጡ፣ ከፈቱ። ሽታው ቀድሞኝ መጣ። ውስጡ ከላይ እስከ ታች ዳቦ ነው። ከላይ ያለውን አነሡና፣ የእኔን ከሥር አስገብተው፣ ሌላውን መልሰው በላዩ ደረደሩ። የሙዙን ዘለላ ደግሞ ጓዳ ካለው ገመድ ላይ፣ ከመጨረሻው ሰቀሉት። ገመዱ ላይ ከእሱ በፊት የተሰቀሉ ዘለላዎች አሉ፤ የመጀመሪያው ጥቁር ነው፣ ሁለተኛው የተዥጎረጎረ፣ ሦስተኛው የኔ፣ ቢጫ። ባለፈው ቅዳሜ የላክሁትን አወቅሁት። ተዥጎርጉሮ ተራውን ይጠብቃል።

ባለቤታቸው ምሳ አቀረቡ። ዝምተኛ ሴት ናቸው፤ ሲናገሩ እንኳ ባላቸውን አይተው ነው። ዳቦው ሻጋታው በቢላ ተፍቆ ፀሐይ የመታው ነው። ሙዙን የባለቤቴ ወንድም ራሳቸው ከጥቁሩ ዘለላ ቆረጡልኝ። ልጣጩ ሲነካ ይፈሳል። የበሰበሰውን በቢላ ጫፍ እየለዩ፣ የቀረውን በማንኪያ በሉ፤ ቀስ ብለው፣ ሥራ የሚሠራ ሰው መስለው።

"ጋሼ" አልኳቸው፣ "ዛሬ የመጣውን ብንበላስ?"

ማንኪያቸውን አቆሙ። "አሮጌው ሳያልቅ?"

"አሮጌው እስኪያልቅ አዲሱ ያረጃል እኮ።"

"ያረጃል እንጂ አይጠፋም" አሉኝ፤ ይህን ሲሉ እውነቴን ነው፣ ፊታቸው በራ። "እኛ ቤት አሮጌው ሳያልቅ አዲሱ አይነካም። አንተ የቡና አገር ሰው ነህ፣ ሁሉ ነገር ከዛፍ ይወርድልሃል። እኛ ከተማ ላይ በሥርዓት ካልሆነ አንኖርም። መንግሥትም የሚለን እኮ ይህንኑ ነው።"

በአእምሮዬ ነገሩን አሰላሁት፤ የሚሰላ ነገርም የለው። እኔ በየሳምንቱ አዲስ ከላክሁ፣ እሳቸው ደግሞ ሁልጊዜ ካረጀው ከጀመሩ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ቢጫ ሙዝ የሚበላበት ቀን እስከ ዕለተ ምጽአት አይመጣም። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ ጥቁሩን ቢጥሉት ከዚያ ወዲያ ዘላለም ደህና ሙዝ ይበሉ ነበር። ይህን የሚያህል ነገር ወንበር ላይ ወጥቶ አምፖል የሚፈታ ሰው እንዴት አይታየውም? ሌባ ቢሆኑ ይሻል ነበር አልኩ በልቤ። የልጄን ስንቅ ሰርቀው ቢበሉት ቢያንስ ለእሳቸው ይጣፍጣቸዋል። እሳቸው ግን ያን ሁሉ የባለቤቴን ልፋት ለማንም ሳይጥም አሻግተው፣ ፍቀው፣ በማንኪያ በልተው፣ ቆጠብኩ ብለው አፋቸውን ያብሳሉ።

ክብሪቱንም አሳዩኝ። እያንዳንዱን እንጨት በምላጭ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይሰነጥቁታል። ሲሰነጠቅ ባሩዱ እየረገፈ ከሁለት አንዱ አይለኮስም። ያልተለኮሰውን አይጥሉትም፣ ለጥርስ መጎርጎሪያ ያስቀምጡታል። የተፈላ ሻይ ቅጠልም መስኮት ላይ ተሰጥቶ ነበር። ጎረቤት እሳት ሊጭር ቢመጣ ይሰጡ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "ፍም እንዴት ይሰጣል?" አሉኝ ደንግጠው። ስለዚህ እሳቸውም አይጠይቁም። ብቻቸውን ይቆጥባሉ።

ልጄ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ሳያት ልብሷ ከትከሻዋ ወርዷል፤ ልብሱ ሰፍቶ አልነበረም። ጉልበቴን ስማ ተቀመጠች። ጥቁር ሙዝ ተሰጣት፣ ሳታየው በላችው። ሳታየው መብላቷን ሳይ ነው የቀረው ትዕግሥቴ ያለቀው። ልጅህን የበሰበሰ መብላት ልማድ ሲሆንባት ታያታለህ፣ እንዲያ ነው።

ውሃ ልቅዳ ብላ ስትወጣ ጀሪካኑን ልያዝልሽ ብዬ ተከተልኳት። ቦኖው ጋ ወረፋ ነበር። እዚያ ቆመን፣

"አባዬ፣ እኔ እስከ ሰኔ አልቆይም" አለችኝ።

"ለምን?"

"ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይወስደኛል። መምህሩ ሁለቴ አስወጣኝ። ሆዴም ደህና አይደለም።" ጀሪካኑን በእግሯ ገፋ አደረገችው። "ማጥናት ብፈልግ አምፖሉ አጎቴ መኝታ ቤት ነው። መንገድ ላይ ባለው መብራት እንዳላጠና ሰዓት እላፊ አለ።"

"ለእናትሽ ለምን አላክሽባትም?"

"ምን ብዬ? ወንድምሽ ሙዝ ከለከለኝ ብዬ?" ሳቀች፤ ሳቋ ግን የልጅ ሳቅ አልነበረም። "አልከለከለኝም እኮ፣ ተራውን ጠብቂ ነው ያለኝ። ትምህርቱን ልተወውና ቤት ልምጣ። ቡና ልልቀም።"

የባላቸውን መውጣት ጠብቀው አክስቷ አንድ ቀን ቢጫ ሙዝ ልጠው ሰጥተዋት ኖሯል። ልጣጩን ጓሮ ቀበሩት አለችኝ። አንዲት የቤት እመቤት፣ በገዛ ቤቷ፣ የሙዝ ልጣጭ ስትቀብር! ወንጀል ተሠርቶ ሬሳ የሚደበቅ ይመስል።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር፤ ወይ ከዚያ ቤት ትወጣለች፣ ወይ ትምህርቷ እዚያው ያበቃል። ደባል የሚያስገባ ሰው ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። ያን ጊዜ ቤት ሁሉ የመንግሥት ነው፤ ቤት የሌለው ሰው ከሌላ ሰው ጋር ደባል ሆኖ ይገባል። ታውቅ ነበር። ከእኛው አካባቢ የመጡ ሁለት የክፍሏ ልጆች አንዲት ሴትዮ ጋ ደባል ገብተዋል። ሴትዮዋ ከደቡብ የመጣች ጴንጤ ናት፣ ቡና መጋዘን ውስጥ ከቡናው ላይ ጥቁሩንና የተሰበረውን እየለቀመች ነው የምትኖረው። አብረን ሄድን። አንድ ክፍል ናት፣ በመጋረጃ የተከፈለች። ሴትዮዋ ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና፣

"አባባ፣ ይቺን ምን እያበሏት ነው?" አለችኝ።

"ቁጠባ" አልኳት።

አልሳቀችም። "ትምጣ" አለች። "እኔ አንዳንዴ ማታ ከእህቶች ጋር እጸልያለሁ፣ ድምፃችን ዝቅ ያለ ነው። ይህን ለማንም እንዳታወራ ብቻ።" ያን ጊዜ ቸርቻቸው ተዘግቶ ነበርና ገባኝ። ልጄ ማንን አይታ ልታወራ፤ እሺ አለች።

የቀረው ለባለቤቴ ወንድም መንገር ነበር። ስድብ አላሰብኩም፤ አልችልበትምም። ተቀምጠው ያገለገለ ምስማር በመዶሻ እያቀኑ ነበር። ልጅቷን ልወስዳት ነው፣ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ብታጠና ይሻላታል አልኳቸው። መዶሻቸውን አስቀመጡ። የእህታቸው ልጅ ናት፤ ይቆጣሉ፣ ያዝናሉ፣ ምን ጎደለባት ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ካርዱስ?" አሉኝ።

"የቱ ካርድ?"

"የቤተሰብ ካርዱ ነዋ። ሦስት ነፍስ ተብለን ተጽፈናል። አሁን ሄጄ ልጅቷ ወጣች ካልኩ የሁለት ነፍስ ስኳር ነው የሚሰፍሩልን። ሳሙናውም እንደዚያው።" ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሙዙን በማንኪያ ሲበሉ ያልተንቀጠቀጠው። "ይህ እንዴት ይሆናል? የጉዳዩን ክብደት አላሰብከውም፣ ወንድሜ።"

ቁም ሣጥኑ ላይ የተደረደረውን ሳሙና አየሁት። የልጄ ሳሙና እዚያ ውስጥ ነው፣ እሷ በእንዶድ ትታጠባለች። ስሟ ከዚያ ካርድ ቢሰረዝ ግን ትምህርት ቤቱ ነዋሪ አይደለችም ይላት ነበር፤ ይህንንም አውቀዋለሁ። እሳቸው ስኳሩን እንጂ ይህን አላሰቡትም።

"ስሟ እርስዎ ጋ ይቆይልዎ፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ስኳሩንም ሳሙናውንም ይውሰዱላት። እኔ እሷን ብቻ ልውሰድ።"

አንድ ሰው ሸክሙን ከትከሻው ሲያወርዱለት እንዴት እንደሚሆን በመፈልፈያው ብዙ አይቻለሁ። እንደዚያ ሆኑ። ተነሡና ሳሙኝ። "አንተ አስተዋይ ሰው ነህ" አሉኝ። "እንግዲያውስ እንደ ፈቀድክ ይሁን።"

የት እንደምትሄድ አልጠየቁኝም። ማን ጋ እንደምታድር አልጠየቁኝም። ምስማራቸውን አንሥተው ማቅናት ቀጠሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሳቸው ያለኝን ንቀት ምንም ነገር አላጎደለውም፤ ቀብራቸው ላይ ቆሜ አፈር ሳለብስ እንኳ አብሮኝ ነበር።

ልጄ ደብተሮቿን በነጠላ ቋጠረች። አክስቷ በጓሮ በር ተከትለው ወጡና ከሻሻቸው ሥር አንድ ሳሙና አውጥተው ቋጠሮው ውስጥ ሸጎጡ። ባላቸው እንደሚቆጥሩት ያውቃሉ። ቢሆንም ሸጎጡ።

ቤት ስመለስ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዳቦውን፣ ሙዙን፣ ካርዱን። እያዳመጠች ቆየችና፣

"ያሳደገኝን ሰው ከሰው በታች አደረግኸው" አለችኝ።

"እኔ አይደለሁም ያደረግኋቸው።"

"ቢርበው ነው። ያኔ እኔን ይዞ ሲመጣ ያየውን አንተ አታውቅም።"

ይህን አልካድኩም። ሊሆን ይችላል። የተራበ ሰው ግን ሌላ ሲራብ ያውቃል ብዬ ነበር የማስበው፤ እሳቸው ከረሃባቸው የወሰዱት ቁልፉን ብቻ ነው። ይህን አልነገርኳትም፣ በልቤ ያዝኩት። እሷም ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርባለች፣ ውሃ ታፈሳለች፣ ቃል የለም። ወራት እንዲህ ኖርን። ሬዲዮኑን ራሷ ትከፍተዋለች፣ ያን ባለ ወፍራም ድምፅ ሰውዬ እንኳ ከእኔ አስበልጣ ሰማችው።

ስንቁን ግን በየዓርቡ ታዘጋጃለች፤ አሁን ሁለት ቋጠሮ። አንዱ ለልጅቷ፣ አንዱ ለወንድሟ። እኔ ሁለቱንም ተሸክሜ ለረዳቱ እሰጣለሁ። ከልጅቷ ዘንድ ዘንቢሉ ባዶውን ይመለሳል። ሦስቱ ተካፍለው፣ ለሴትዮዋም አካፍለው፣ በቀኑ ይጨርሱታል። ምድጃ ብዬ የዘይት ጣሳ ከገለባ ጋር ልኬላቸው ነበር፤ መጀመሪያ ሰሞን አልቻሉበትም፣ ቤቱን በጭስ ሞልተው ሴትዮዋ በሻማ ዕቃዎቿን ስትፈልግ አመሸች አሉ፣ ኋላ ለመዱት። የሳምንቱን ቀሪ ቀናት ጎደሬ ቀቅለው ይበላሉ። ከወንድሟ ዘንድ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ቋጠሮ ተመለሰ። ፈታችው። የዳቦው ኮባ ነው፤ የደረቀ፣ በሥርዓት የታጠፈ፣ በክር የታሰረ። ረዳቱ "ለሚቀጥለው ይጠቅማችኋል ብለዋል" አለን።

ከላይ ያለውን ቅጠል ልትዘረጋው ስትሞክር በእጇ ላይ ፈረሰ። ሻጋታው ነጭ አቧራ ሆኖ ቀሚሷ ላይ ወረደ። ዳቦው ዓርብ ዕለት ከእጇ ሲወጣ ምን እንደሚመስል የምታውቅ እሷ ናት። ጥቂት አየችው። ቀሚሷን አራገፈች፣ ቅጠሉን ሰብስባ እሳት ውስጥ ጨመረችው። በሚቀጥለው ዓርብ ለወንድሟ የቋጠረችው ቆሎ ነበር። ከዚያም ወዲያ ሁልጊዜ ቆሎ።

ክረምት ሲገባ ልጃችን መጣች። የጭነት መኪናው ሸራ ሥር ተቀምጣ፣ ዝናቡ እየወረደባት፣ ከረዳቱ ጋር እየተሟገተች ነው የወረደችው። ወደሚቀጥለው ክፍል አልፋለች። ደረጃም አላወጣች፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ጎትተዋታል፤ ግን አልፋለች። እናቷ በሩ ላይ ተቀብላ ክንዷን ያዘችና በጣቶቿ ጫን አደረገችው፤ እኔ ከቡናው ጆንያ ላይ እጄን ጭኜ እንደማየው። ከዚያ ወደ ጓዳ አስገባቻት።

ማታ እሳቱ ዳር ልጅቷ ወሬዋን ስታወራ፣ የሴትዮዋን ማንኮራፋት እያስመሰለች ስታስቀን ቆየች። መስከረም ላይ ትመለሺ ይሆን ብዬ ልጠይቃት ፈልጌ ፈራሁ። ወሳኟ ማን እንደሆነች አውቃለሁ። ባለቤቴ አቀርቅራ ጥጥ ታባዝት ነበር። ቀና ሳትል፣ ከስንት ወር በኋላ፣ ወደ እኔ ተናገረች።

"በአንድ ብርድ ልብስ ሦስት ሆነው ነው አሉ የሚተኙት። እስከ መስከረም ሌላ ካላገኘህላቸው በብርድ ማለቃቸው ነው።"

"አገኛለሁ" አልኳት።

"ወፍራም ይሁን" አለች።